ዐውድ (ሥነ ልሳን)

ዐውድ በሥነ ልሳን አንድ ቃል ወይም ዓረፍተ ነገር ሲነገር በዙሪያው ሆነው ትርጉሙን የሚወስኑ ሁኔታዎች ሁሉ የሚጠሩበት ስያሜ ነው። ከፊቱና ከኋላው የተባለው ነገር፣ ተናጋሪውና አድማጩ፣ የሁለቱ ዝምድና፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የድምፁ ቃና እንዲሁም ሁለቱም አስቀድመው የሚያውቁት ጉዳይ የዐውድ ክፍሎች ናቸው። ዐውድና ትርጉም ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናው የሥነ ልሳን ዘርፍ ፕራግማቲክስ ይባላል። ይህን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1938 ለዘርፉ የሰጠው አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሞሪስ ነው።

መዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺ ይሰጣል፤ ሰው የሚረዳው ግን ከዚያ በላይ ነው። «ሂሳብ» የሚለውን ቃል ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል «ክፈሉኝ» ማለቱ ነው። በምግብ ቤት ያንኑ ቃል የሚጣራው ከፋዩ ነው፤ «ስንት እንደ ሆነ ንገሩኝና ልክፈል» ማለቱ ነው። መምህር ወደ ክፍል ገብቶ «ሂሳብ» ቢል ደግሞ ተማሪው ደብተሩን ያወጣል እንጂ ገንዘብ አያወጣም። በሦስቱም ቦታ ቃሉ አንድ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው፤ ማንም ግን አይሳሳትም።

የጥናቱ አጀማመር

ዐውድን የትርጉም ጥናት ማዕከል ካደረጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ትውልደ ፖላንዱ የሰው ዘር አጥኚ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ነው። ማሊኖቭስኪ ዛሬ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ክፍል በሆኑት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ከነዋሪዎቹ ጋር እየኖረ ቋንቋቸውን ተማረ። ስለ ባሕር ጉዟቸው ሲጫወቱ የሰማውን ንግግር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው ትርጉም የሌለው ነገር ሆነበት። «የፊት እንጨት» የተባለው ከሁሉ ቀድማ የምትሄደው ታንኳ መሆኗን፣ ንግግሩም ተራ ወሬ ሳይሆን «እኛ ቀደምናቸው» የሚል ጉራ መሆኑን ለመረዳት የሕዝቡን የጉዞና የፉክክር ልማድ ማወቅ ነበረበት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ «የሁኔታ ዐውድ» ብሎ ጠራው። በኋላም ለንደን ያስተምር የነበረው የሥነ ልሳን ሊቅ ጆን ፈርዝ ሐሳቡን ይዞ አስፋፋው።

በዚያው ጽሑፍ ማሊኖቭስኪ ሌላም ነገር አስተውሏል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት መረጃ ለመለዋወጥ ሳይሆን አብሮነታቸውን ለማደስ ነው። ይህን ለማየት ለአማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና? ሥራ እንዴት ነው?» እየተባለ በሚረዝመው ሰላምታ ውስጥ የታመመ ሰው እንኳ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ውሸት ተናገረ አይባልም፤ ጥያቄው ስለ ጤንነቱ ዝርዝር እንዲሰጥ አልነበረምና። ሕመሙን የሚናገርበት ጊዜ ሰላምታው ካለቀ በኋላ «እንዲያው ምን ሆንክ?» ሲባል ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ያለ አሻሚነት

የአማርኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። ስለዚህ አንባቢ በየዓረፍተ ነገሩ ሳይታወቀው ከዐውድ እየተነሣ ይመርጣል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ የሚዋኙት፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «አበበ ይመታል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ቢገኝ አበበ በትር ያነሣ ይሁን በትር የሚያርፍበት አይታወቅም። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ለሚጠብቀው ፊደል ምልክት ያደርጋሉ፤ በጋዜጣና በደብዳቤ ግን ምልክቱ አይታይም፣ አንባቢም እምብዛም አይናፍቀውም። ከፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ሥራውን ሠርቶ ያስረክበዋልና።

ቃሉ በድምፅም በጽሑፍም አንድ ሆኖ ሳለ ዐውድ ብቻ የሚለየው ጊዜም አለ። «እግዜር ይማርህ» ለታመመ ሰው ሲባል ፈውስ መመኘት ነው፤ ላነጠሰ ሰው የወግ ቃል ነው፤ በደል ሠርቶ ለተጸጸተ ሲባል ግን ምሕረት መለመን ነው። «ጎበዝ»ም እንዲሁ ነው። ስለ ተማሪ ሲነገር ትምህርት የሚገባው፣ ስለ ጦረኛ ሲነገር ደፋር ማለት ነው። «ጎበዝ፣ እንነሣ እንጂ!» ሲባል ግን ሰብስቦ መጥሪያ ብቻ ነው፤ በዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ፈሪ ቢኖርም ጥሪው ይመለከተዋል። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ጎበዝ!» ከተባለ ደግሞ ምስጋና እንዳልሆነ ከእናቱ ፊት ያነብባል።

አመላካች ቃላት

«እኔ»፣ «አንቺ»፣ «እዚህ»፣ «ያ»፣ «ዛሬ»፣ «ነገ» የመሳሰሉት ቃላት ማን፣ የትና መቼ እንደ ተናገራቸው ካልታወቀ ወደ ምንም አያመለክቱም። በሱቅ በር ላይ «ነገ እንከፍታለን» የሚል ማስታወቂያ ያለ ቀን ቢለጠፍ ሱቁ ለዘለዓለም ነገ የሚከፈት ሊሆን ነው።

በአማርኛ ልዩ ትኩረት የሚስበው «መጣሁ» የሚለው ግሥ ነው። ቅርጹ የኃላፊ ጊዜ ነው፤ ከውጭ የመጣን ሰው መድረስ ይገልጻል። ነገር ግን አስተናጋጅ ከጠረጴዛው እየራቀ «መጣሁ» ይላል፤ እንግዳውም «አሁን እመለሳለሁ» ማለቱ እንደ ሆነ ያውቃል። በስልክም «ቶሎ በል እንጂ» ለሚል ወዳጅ «መጣሁ፣ መጣሁ» የሚለው ሰው ገና ጫማውን እያሰረ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው «በሉ ሄድኩ» የሚለው ሰው አሁንም ከወንበሩ አልተነሣም። አማርኛን በመጽሐፍ የተማረ የውጭ አገር ሰው በእነዚህ ቃላት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ሰዋስው የሚነግረው ያለፈ ድርጊት ነው፣ ዓይኑ የሚያየው ግን ሰውየው ወደ ጓዳ ሲገባ ነው።

ሰዓትም አመላካች ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የቀኑ ሰዓት የሚጀምረው ከንጋት ስለሆነ «ሦስት ሰዓት» ረፋድ ላይ ነው፤ በሌላው ዓለም ሰዓት ዘጠኝ ይሆናል። በአገር ቤት ይህ ችግር አይፈጥርም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች «ሦስት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ቢባባሉ ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት በመካከላቸው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «በሀበሻ» ወይም «በፈረንጅ» የሚል ቃል ይጨመራል። ዓመተ ምሕረትም ያንኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል እንደ ወሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ «በ2010» የሚል ጽሑፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈበት ብቻውን አይበቃም።

አክብሮትና ዝምድና

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጥናት በአውሮፓ ቋንቋዎች ለአንድ ሰው የሚነገሩት ሁለት ዓይነት ተውላጠ ስሞች የሥልጣንና የቅርበት መለኪያ መሆናቸውን አሳዩ። አማርኛ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይረቅቃል። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» አሉ፤ በሌለበት ለሚነሣውም ሰው «እሳቸው» አለ። ከአክብሮቱ የተነሣም አሻሚነት ይመጣል። «መጡ» ብቻ ከተባለ ብዙ ሰዎች ይሁኑ አንድ የተከበሩ ሰው፣ ያም ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ግሡ አይናገርም። የቤቱ ሰዎች ግን አያቱ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱበት ሰዓት መድረሱን ስለሚያውቁ ወንበር ያስተካክላሉ።

ጾታም እንዲሁ ሁልጊዜ ጾታን ብቻ አይገልጽም። ትንሽ ወንድ ልጅን በማቆላመጥ «ነይ እስቲ» ማለት፣ ሴት ልጅንም «አንተ» እያሉ ማጫወት የተለመደ ነው። ያው «አንቺ» በጠብ መካከል ለጎልማሳ ወንድ ከተሰነዘረ ግን ከባድ ስድብ ነው። እናት ሴት ልጇን «እናቴ»፣ ወንዱን «አባቴ» ብላ ስትጠራም ዝምድናው ተገልብጧል ብሎ የሚደነቅ የለም። መንገድ ላይ የማያውቋትን ሴት «የኔ እናት» ብሎ አድራሻ መጠየቅም ያው ነው።

የአክብሮት ቃል ከዘመን ጋር ይለዋወጣል። «ጓድ» ቀድሞ ባልንጀራ ማለት ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በስብሰባ የባለሥልጣን መጠሪያ ሆነ። ዛሬ አንድ ሰው ጓደኛውን «ጓድ» ብሎ ቢጠራው ቀልድ ነው ወይም ትዝታ ነው። በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዝኛም የዛሬው ዕለታዊ ዕብራይስጥም ለአክብሮት የተለየ ተውላጠ ስም የላቸውም። በእነዚህ ቋንቋዎች ያደገ ልጅ አያቱን «አንተ» ቢላቸው የልጁን አስተዳደግ የሚያውቁ ሰዎች የቋንቋ ጉድለት ነው ብለው ያልፉታል፤ የማያውቅ እንግዳ ግን ብልግና አድርጎ ይወስደዋል።

በንግግር የሚፈጸም ድርጊት

የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባሰማቸው፣ ከሞተ በኋላ በ1962 በመጽሐፍ በወጡት ትምህርቶቹ መናገር ራሱ ሥራ መሥራት እንደ ሆነ አስረዳ። ዳኛ «ጥፋተኛ ነህ» ሲል ስለ ሰውየው ወሬ ማውራቱ አይደለም፤ የሰውየውን ሕጋዊ ሁኔታ መለወጡ ነው። ያንኑ ቃል ጎረቤት ቢናገረው ምንም አይለወጥም። በሽምግልናም ተበዳዩ በሽማግሎች ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ዕርቁ ተፈጸመ። ቤቱ ገብቶ ለብቻው ቢያጉረመርመው ግን ዕርቅ አይሆንም፤ ሽማግሎቹ፣ በዳዩና ሰዓቱ ያስፈልጋሉ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሥራ ሊሠራም ይችላል። «ነገ እመጣለሁ» ልጅ ለእናቱ ሲለው ተስፋ ነው። አከራይ ኪራይ ለዘገየበት ተከራይ ሲለው ማስጠንቀቂያ ነው። ያላማረበት ሠራተኛ ለአለቃው ሲለው ደግሞ የዛሬውን ሥራ ማምለጫ ነው። በታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚለውም ቅርጹ ዜና ነው፣ ሥራው ግን «አቁም» የሚል ጥያቄ ነው። «አውቄያለሁ፣ ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብሎ መንገዱን የሚቀጥል ሾፌር አማርኛ አያውቅም ሊባል ነው።

«እንብላ» የሚለው ግብዣ በዚህ ረገድ ረቂቅ ነው። ሲበሉ የተደረሰባቸው ሰዎች «እንብላ» ማለት ግዴታቸው ነው፤ ደራሹም «ብሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መተው ይችላል። እውነተኛው ግብዣ የሚታወቀው ሲደገም፣ ቦታ ሲለቀቅና እጅ መታጠቢያ ሲቀርብ ነው። «እሺ»ም ቢሆን መስማማት ብቻ አይደለም። ረዘም ብሎ፣ ዓይን ሳይገጥም የተነገረ «እሺ… ይታያል» በብዙ ጉዳይ ጨዋ እምቢታ ነው።

ያልተነገረው መልእክት

ሰው ከተናገረው ውጭ ያለውን ነገር አድማጭ እንዴት እንደሚደርስበት በሰፊው ያብራራው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሃርቫርድ ያሰማውና በ1975 የታተመው ትምህርቱ የሚነሣው ጨዋታ የትብብር ሥራ ነው ከሚል ሐሳብ ነው። ተነጋጋሪዎች የሚበቃውን ያህል፣ እውነት የሆነውን፣ ከጉዳዩ የሚገናኘውን፣ በግልጽ ይናገራሉ ተብሎ ይጠበቃል። አንዱ ከዚህ የወጣ ሲመስል አድማጩ «ምን ሊለኝ ፈልጎ ነው?» ብሎ ያስባል።

«ማታ ሠርጉ ላይ ትመጣለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «እናቴን አሟታል» ቢል «አልመጣም» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ጠያቂው ግን መልሱን አግኝቷል። እንዲህ ዓይነቱ መልእክት ሊሰረዝ የሚችል መሆኑን ግራይስ አመልክቷል፤ ሰውየው «እናቴን አሟታል፤ ግን ብቅ እላለሁ» ብሎ ቢቀጥል ራሱን አልተቃረነም። ጥያቄው ተለውጦ «ሐኪሙ ቤት ማታ ትመጣለህ?» ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያው «እናቴን አሟታል» የሚለው መልስ «አዎን» ይሆን ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ ችሎታ ከፍልስፍና ጥናት አስቀድሞ የራሱ ስሞች ነበሩት። የቅኔው ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ በሰም ቅርጽ የተበጀው ሻጋታ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ይፈስስበታል። በቅኔ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁም የተፈለገው። የመጻሕፍት አንድምታ ትርጓሜ ደግሞ «አንድም» እያለ ለአንድ ንባብ ከአንድ በላይ ፍቺ ይደረድራል። ከዕለት ንግግር ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን አሽሙር ነው። አሽሙር በቃሉ ውስጥ የለም፤ በሰሚው ዕውቀት ውስጥ ነው። ብድሩን ያልመለሰ ሰው በተቀመጠበት ጨዋታ «ዘንድሮ መርሳት የማይገባው በሽታ ሆነ» ቢባል ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ስለ ጤና የተነሣ ወሬ ይመስለዋል። ተነካሁ ብሎ የሚቆጣ ደግሞ ራሱን ያጋልጣል፤ ተናጋሪው «እኔ ስለ በሽታ ነው ያወራሁት» ማለት ይችላልና።

ዐውድ በፍርድ ቤት

ዐውድ አከራካሪ ሲሆን የሚደርሰውን ጉዳት ከሚያሳዩ ታሪኮች በጣም የታወቀው የደሬክ ቤንትሊ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1952 በደቡብ ለንደን ክሮይደን የ19 ዓመቱ ቤንትሊና የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ክሬግ ወደ አንድ መጋዘን ሊሰርቁ ወጡ። ፖሊሶች ደረሱባቸው፤ ክሬግ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ፖሊሶቹ በምስክርነታቸው ቤንትሊ «ስጠው፣ ክሪስ!» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ጮኾ እንደ ነበር ተናገሩ። ክሬግ ተኮሰ፤ ከዚያም ሲድኒ ማይልስ የተባለ ፖሊስ ተገደለ።

የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ የሚገርመው የአማርኛው «ስጠው»ም ሁለቱን መያዙ ነው። እጁን የዘረጋ ፖሊስ ፊት «ስጠው» ማለት «ሽጉጡን አስረክብ» ነው። በጠብ መካከል «ስጠው!» ማለት ግን «በለው» ነው፤ «በጥፊ ሰጠው» እንደሚባለው። ዐቃቤ ሕግ ሁለተኛውን ፍቺ ያዘ። ቤንትሊና ክሬግ ግን ቃሉ ጭራሹን አልተነገረም አሉ። ክሬግ ዕድሜው ከ18 በታች ስለ ነበረ በሞት አልተቀጣም፤ ያልተኮሰው ቤንትሊ ጥር 28 ቀን 1953 ተሰቀለ። የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው ከ45 ዓመት በኋላ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሲሆን ዋናው ምክንያቱም ዳኛው ለጉባኤ ፈራጆች የሰጡት መመሪያ ፍርዱን ሚዛናዊ እንዳይሆን ማድረጉ ነበር።

በዚሁ ጉዳይ የሥነ ልሳን ባለሙያው ማልኮም ኩልታርድ የቤንትሊ ነው የተባለውን የፖሊስ ቃል መርምሯል። ራሱ እየተናገረ ተጻፈ በተባለው ቃል ውስጥ «ከዚያ» የሚል ፍቺ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቀመጠበት ቦታ ተራ ሰው ሲናገር ከሚያስቀምጥበት ይልቅ የፖሊስ ሪፖርት አጻጻፍን እንደሚመስል አሳየ። አንዲት ትንሽ ቃል ከማን አፍ እንደ ወጣች የምትመሰክርበት አጋጣሚ መኖሩ ለሥነ ልሳን ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚነገር ነው።

የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ውል አተረጓጎም ሲደነግግ ለዐውድ ልክ አበጅቶለታል። በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከቃሉ ወጥተው የተዋዋዮችን ሐሳብ እንተርጉም ማለት አይችሉም። ቃሉ አሻሚ ሲሆን ግን በቁጥር 1734 መሠረት የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ ምን እንደ ነበረ ይፈለጋል፤ ለዚህም ከውሉ በፊትና በኋላ ያሳዩት አኳኋን ይታያል። አስቸጋሪው ክፍል ቃሉ ግልጽ ነው ወይስ አሻሚ የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው፤ እሱንም ያለ ዐውድ መመለስ ቀላል አይደለም።

የ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የዐውድ ምሳሌ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በዚያ ውል የአማርኛው ጽሑፍ የኢጣሊያን መንግሥት አማላጅነት መጠቀም «እንደሚቻል» ሲናገር ኢጣሊያ ከራሷ ቋንቋ ጽሑፍ ግዴታ አወጣችበት። የተለያዩት ሁለት ጽሑፎች እንጂ የአንድ ጽሑፍ ሁለት ዐውዶች አልነበሩም።

ዐውድና ማሽን

ቋንቋን በማሽን የመተርጎም ሥራ ገና ሲጀመር እስራኤላዊው ሊቅ የሆሹዋ ባር-ሂሌል እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አቀረበ፤ ሳጥኑ «ፔን» ውስጥ ነበረ የሚል። በእንግሊዝኛ «ፔን» እስክሪብቶም ነው፣ ሕፃን የሚጫወትበት አጥርም ነው። ሰው እስክሪብቶ ሳጥን እንደማይይዝ ስለሚያውቅ ወዲያው አጥሩን ይመርጣል። ባር-ሂሌል ማሽን ይህን እንዲያደርግ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አይበቁትም፣ ስለ ዓለም ያለ ዕውቀት ያሻዋል ብሎ ተከራከረ።

ዛሬ ያሉት የትርጉም ፕሮግራሞች ከብዙ ጽሑፍ የተማሩ ስለሆኑ ከቃሉ ጎን ያሉትን ቃላት አይተው ይገምታሉ፤ «ገና በዓል ደረሰ» ውስጥ ያለውን «ገና» ከ«በዓል» ሊለዩት ይችላሉ። በጽሑፍ ላይ የማይገኘው ዐውድ ግን አሁንም ከጽሑፉ ውጭ ነው። በስልክ የተላከች «እሺ» የምትል አጭር መልእክት የተቀበለው ሰው እንኳ፣ ላኪውን ለዓመታት እያወቀው፣ ተቆጥቶ ነው ወይስ ቸኩሎ ነው እያለ ደግሞ ያነብባታል፤ በመጨረሻም ደውሎ ድምፁን ይሰማል።